የሃሊ ኮሜት ዙር 76 ዓመት ከሆነ፣ በ2061 ለምን ስድስት ወር ቀድሞ ይመጣል?

ማዕዘን፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የሃሊ ኮሜት በየ76 ዓመቱ እንደሚመለስ በትምህርት ቤት መጻሕፍትም በድረ ገጾችም ተጽፎ እናነባለን። ይሁን እንጂ ኮሜቱ ለፀሐይ እጅግ የቀረበባቸውን ቀናት ተራ በተራ ስጽፋቸው ቁጥሩ አልገጥም አለኝ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መጨረሻ የመጣው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1986 ነበር፤ 76 ዓመት ቢጨመርበት ፌብሩዋሪ 2062 ይሆናል። የሚጠበቀው ግን ጁላይ 28 ቀን 2061 ነው። ወደ ኋላ ስሄድ ደግሞ ከኖቬምበር 1835 እስከ ኤፕሪል 1910 ያለው ጊዜ 74 ዓመት ከ5 ወር ብቻ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ዙር፣ ከማርች 1759 እስከ ኖቬምበር 1835፣ 76 ዓመት ከ8 ወር ፈጅቷል። በሁለት ተከታታይ ዙሮች መካከል ከሁለት ዓመት በላይ ልዩነት ካለ ኮሜቱን «ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ» ማለት እንዴት ይቻላል? ደግሞስ ዙሩ እንዲህ ከተለዋወጠ የ2061ዱን ቀን እስከ ዕለቱ ድረስ ለይቶ የሚናገር ሰው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው?

የፊዚክስ_መምህር፦

ወንድሜ ማዕዘን፣ ጥያቄዎ መልካም ነው፤ የጻፏቸው ቀናትም ትክክል ናቸው። 76 የሚለው ቁጥር ለአንባቢ እንዲመች ተጠጋግቶ የተቀመጠ አማካይ እንጂ ኮሜቱ የሚገዛበት ሕግ አይደለም። በጽሑፍ ከተመዘገቡት ዙሮች መካከል ረጅሙ ከ451 እስከ 530 የነበረው ሲሆን 79 ዓመት ከ3 ወር ፈጅቷል፤ አጭሩ እርስዎ የጠቀሱት የ1910ሩ ነው።

መነሻው የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ነው። በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር አካል አንድ ዙር ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ የሚወሰነው በሞላላ ምሕዋሩ ረጅም ዘንግ ግማሽ ብቻ ነው። ርቀቱን ከመሬት እስከ ፀሐይ ባለው ርቀት፣ ማለትም በ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ከለካነው፣ የሃሊ ኮሜት ግማሽ ዘንግ 17.8 ያህል ነው። ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝታችሁ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ብታወጡ 75 ዓመት ይመጣላችኋል። አሁን በ17.8 ፈንታ 17.9 አድርጋችሁ ደግማችሁ ሥሩት፤ ዙሩ ከሰባት ወር በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ምሕዋሩ በዓይን የማይለይ ያህል እንኳ ቢለጠጥ ወይም ቢያጥር፣ ለውጡ በቀን መቁጠሪያ ላይ በወራት ደረጃ ይታያል።

ምሕዋሩን ለመለጠጥ ምን ያህል ኃይል ይበቃል የሚለው ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም ነው። ኮሜቱ ለፀሐይ ሲቀርብ፣ በሜርኩሪና በቬነስ ምሕዋሮች መካከል፣ ከፀሐይ 88 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰከንድ 54.5 ኪሎ ሜትር ይበርራል። ከኔፕቱን ምሕዋር ባሻገር ባለው የመጨረሻ ሩቅ ጫፉ ላይ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 0.9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በቅርቡ ጫፍ ላይ ሳለ ፍጥነቱ በሰከንድ አንድ ሜትር ብቻ ቢጨምር፣ የሚቀጥለው መምጫው በሦስት ወር ገደማ ይዘገያል። ከ54,500 ሜትር ላይ የተጨመረ አንድ ሜትር ማለት ነው፤ ስሌቱን የሚጠራጠር ካለ ራሱ እንዲሠራው እጋብዛለሁ።

ይህን ያህሉን ለውጥ የሚያደርጉት ፕላኔቶች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ጁፒተር፣ ቀጥሎም ሳተርን። ኮሜቱ ወደ ፀሐይ ሲገባና ሲወጣ ጁፒተር በምሕዋሩ ላይ የሚገኝበት ቦታ በየዙሩ ስለሚለያይ፣ አንዱን ጊዜ ያፋጥነዋል፣ ሌላውን ጊዜ ያዘገየዋል። የሚመጣበት ቀን የሚታወቀውም 76ን በመደመር ሳይሆን፣ የፕላኔቶቹን ስበት ሁሉ ከቀን ወደ ቀን እየተከተሉ በማስላት ነው።

ሐዋሳ_ሐይቅ፦

መምህር፣ አንድ ነገር አልገባኝም። የሃሊ ኮሜት የሚዞረው ከፕላኔቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው ይባላል፤ ምሕዋሩም ፕላኔቶች በሚዞሩበት ገጽ ላይ አያርፍም። እንዲህ ከሆነ ጁፒተርን የሚያገኘው የት ነው?

ስሌት፦

በመምህሩ ፈንታ እኔ ልመልስ። የምሕዋሩ ዝንባሌ 162 ዲግሪ ነው፤ ከ90 ዲግሪ በላይ መሆኑ ነው የተቃራኒ ጉዞው ምልክት። የመሬት ምሕዋር ያረፈበትን ገጽ የሚቆርጠው በሁለት ነጥቦች ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱም ከጁፒተር ምሕዋር በጣም ወደ ውስጥ ናቸው። አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ከዚያ ገጽ በስተደቡብ ነው። ስለዚህ ከጁፒተር ጋር ፊት ለፊት የመገናኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ቢገናኙም አንዱ ወዲያ ሌላው ወዲህ ስለሚሄዱ በፍጥነት ይተላለፋሉ፤ ስበቱም ለረጅም ጊዜ አይጎትተውም።

ነገር ግን ጁፒተር የፀሐይን ክብደት አንድ ሺህኛ ያህል ይመዝናል፤ የርቀት ስበቱም ቢሆን ለወራት ሲጠራቀም፣ መምህሩ ከጠቀሱት «በሰከንድ አንድ ሜትር» ልቆ ይገኛል። በተቃራኒ አቅጣጫ መዞሩ ለሃሊ ኮሜት ጠቅሞታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከፕላኔቶች ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚዞሩት አጫጭር ዙር ያላቸው ኮሜቶች ጁፒተርን ቀስ ብለው ስለሚጠጉት አንድ ጊዜ ሲያገኛቸው ምሕዋራቸው እንዳልነበር ይሆናል። ሮዜታ የተባለችው መንኮራኩር በ2014 የደረሰችበት የቹርዩሞቭና ጌራሲሜንኮ ኮሜት፣ በ1959 ጁፒተርን ተጠግቶ ከማለፉ በፊት ወደ ፀሐይ ሲቀርብ እንኳ ከመሬት ርቀት 2.7 እጥፍ ላይ ይቀር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ 1.3 እጥፍ ድረስ መግባት ጀመረ። የተገኘውም ከአሥር ዓመት በኋላ በ1969 ነው።

ብራና፦

ስለ ስሌቱ ከተነሣ ታሪኩን ማለፍ አይገባም፤ ምክንያቱም የማዕዘን ጥያቄ ከ260 ዓመት በላይ በፊት በቁም ነገር የተጠየቀ ጥያቄ ነውና። ኮሜቱ የተሰየመለት እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሊ በ1705 ባሳተመው ሥራ በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት ኮሜቶች አንድ ናቸው ሲል፣ በመጀመሪያ የገጠመው ችግር ይኸው ነበር፤ አንደኛው ልዩነት ከ76 ዓመት በላይ፣ ሁለተኛው ከ75 በታች ሆነበት። ጁፒተርን ተጠያቂ አድርጎ በ1758 መጨረሻ ገደማ እንደሚመለስ ተናገረ፤ እርሱ ግን በ1742 ስላረፈ መምጣቱን አላየም።

ትክክለኛውን ሥራ የሠሩት ፈረንሳዊው አሌክሲ ክሌሮ፣ ዠሮም ላላንድ እና ኒኮል ሬን ለፖት ናቸው። ለፖት ሴቶች በፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ አባል መሆን በማይችሉበት ዘመን የሠራች ሒሳብ አዋቂ ነበረች። ሦስቱ የጁፒተርንና የሳተርንን ስበት ለወራት ያህል በእጅ ሲያሰሉ ከርመው፣ ክሌሮ በኖቬምበር 1758 ውጤቱን አስታወቀ፦ ዙሩ ከቀደመው ዙር በ618 ቀን ይረዝማል፤ ከእነዚህ ውስጥ 518ቱ በጁፒተር፣ 100ው በሳተርን ምክንያት ነው፤ ኮሜቱም በኤፕሪል 1759 አጋማሽ፣ አንድ ወር ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል፣ ለፀሐይ ይቀርባል። በዚያው በ1758 በገና ሌሊት በድሬስደን አቅራቢያ የሚኖር ዮሃን ፓሊች የሚባል ገበሬ ኮሜቱን በራሱ ቴሌስኮፕ አየው፤ ለፀሐይ የቀረበውም ማርች 13 ቀን 1759 ነው። ስሕተቱ አንድ ወር ያህል ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ዩራነስና ኔፕቱን መኖራቸው ገና ሳይታወቅ።

እኔ በግሌ የኒውተን ሕግ በሰማይ ላይ የተረጋገጠበት ትልቁ ቀን ይህ ይመስለኛል፤ አፕል የወደቀበት ተረት ለልጆች ይቅር።

ማዕዘን፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር እንዳሉት 17.9 አድርጌ ሠራሁት፤ በእርግጥም ሰባት ወር ተኩል ያህል ጨመረ። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው። ዛሬ ፕላኔቶች ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ ክብደታቸውም በመንኮራኩር ተለክቷል፤ ኮምፒውተርም አለ። ታዲያ ስበቱን ብቻ በጥንቃቄ ካሰላን ኮሜቱ በሰዓቱ ይመጣል ማለት ነው?

የፊዚክስ_መምህር፦

አይመጣም፤ አራት ቀን ያህል ይዘገያል። በየዙሩ።

በ1910ሩ መምጫ ፊሊፕ ኮወል እና አንድሩ ክሮምሊን የተባሉ በእንግሊዝ የሚሠሩ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች በዘመኑ ከተሠራው ሁሉ የላቀ ስሌት ሠርተው ነበር፤ ኮሜቱ ግን ከተናገሩት ቀን ሦስት ቀን ያህል ዘግይቶ ኤፕሪል 20 ለፀሐይ ቀረበ። ስሌታቸውን ቢመረምሩም ስሕተት አላገኙበትም፤ በስበት የማይገለጽ ሌላ ኃይል እንዳለ ግልጽ ሆነ።

ተመሳሳይ ነገር ከዚያ በፊት በሌላ ኮሜት ላይ ታይቷል። በ3.3 ዓመት የሚዞረው የኤንኬ ኮሜት በየዙሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እየቀደመ ይመጣ ነበር። ዮሃን ኤንኬ ራሱ ምክንያቱ በጠፈር ውስጥ የተሰራጨ፣ ኮሜቱን የሚገታ ስስ ነገር ነው ብሎ አሰበ። (መገታት ዙሩን የሚያሳጥር መሆኑ ግር የሚለው አንባቢ፣ የተገታ አካል ወደ ፀሐይ ወደ ውስጥ እንደሚወድቅና ትንሹ ምሕዋር ደግሞ በአጭር ጊዜ እንደሚዞር ያስብ።) ሐሳቡ ለኤንኬ ኮሜት ቢሠራም ለሃሊ ግን አይሠራም፤ ጠፈሩ የሚገታ ከሆነ ሁሉንም ኮሜቶች መግታት ነበረበት፤ ሃሊ ግን ይዘገያል እንጂ አይቀድምም። ስለዚህ ኃይሉ ከውጭ ሳይሆን ከራሱ ከኮሜቱ የሚወጣ መሆን አለበት።

ይህን ፍሬድሪክ ቤሴል በ1836 ጠርጥሮታል፤ ሙሉ መልክ የሰጠው ደግሞ ፍሬድ ዊፕል በ1950 ነው። ኮሜት ከበረዶና ከአቧራ የተጋገረ አካል ነው፤ ፀሐይ ስታሞቀው በረዶው ውኃ ሳይሆን በቀጥታ እየተነነ ይፈነዳል፤ የሚወጣው ጋዝም አፉ እንደተለቀቀ ፊኛ አካሉን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋዋል። ትነቱ እጅግ የሚበረታው በትክክል ለፀሐይ በዞረው ቦታ ላይ ሳይሆን ከዚያ ጥቂት አልፎ፣ ከሰዓት በኋላ በሚሆነው ፊት ላይ ነው፤ ሙቀት ለመጠራቀም ጊዜ ይፈልጋልና። በመሆኑም ኮሜቱ በራሱ ዛቢያ የሚሾረው በምሕዋሩ አቅጣጫ ከሆነ ግፊቱ ወደ ፊት ያፋጥነዋል፣ ምሕዋሩ ይሰፋል፣ ይዘገያልም፤ በተቃራኒ ከሾረ ይገታዋል፣ ይቀድማልም። የሃሊና የኤንኬ ልዩነት በዚህ ተፈታ።

ስሌት፦

በመምህሩ ላይ አንድ ቁጥር ልጨምር። በሰከንድ አንድ ሜትር ሦስት ወር የሚያዘገይ ከሆነ፣ የአራት ቀን መዘግየት የሚጠይቀው በሰከንድ ከአራት እስከ አምስት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ይህም ኤሊ ከምትሄድበት ብዙም አይርቅም። 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ አካል በእንፋሎት ብቻ ይህን ያህል ይገፋል ብሎ ማመን ለሚከብደው፣ ጆቶ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ማርች 14 ቀን 1986 ከአስኳሉ፣ ማለትም ከኮሜቱ ጠጣር አካል፣ 596 ኪሎ ሜትር ርቃ ስታልፍ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች ይመልከት። ፀሐይ ከበራበት ፊት ብቻ የጋዝና የአቧራ ፍንጣቂ ሲፈስ በግልጽ ይታያል፤ ሌላው ፊት ጨለማ ነው። አስኳሉ የሚያርፍበትን ብርሃን 4 በመቶ ብቻ የሚመልስ፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር አካል መሆኑም የታወቀው ያን ጊዜ ነው። የአቧራው ምት ከባድ ስለነበር የጆቶ ካሜራ ከዚያ ወዲህ አልሠራም።

ሐዋሳ_ሐይቅ፦

እንዲህ ከሆነ ወደ ኋላም ማስላት ይቻላል ማለት ነው?

ብራና፦

ይቻላል፤ ግን ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ስሕተቱ ስለሚከማች የጥንት መዛግብት ድጋፍ ያስፈልጋል። ዶናልድ ዮማንስ እና ታኦ ኪያንግ በ1981 እስከ 1404 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ድረስ የሄደ ስሌት አውጥተዋል። ያለ ቻይናውያን መዛግብት ግን አይሳካላቸውም ነበር። በኤፕሪል 837 ኮሜቱ ከመሬት 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ አለፈ፤ ይህ ከታወቁት መምጫዎቹ ሁሉ ቅርቡ ነው፤ የመሬት የራሷ ስበትም ምሕዋሩን ነካው። ከዚያ ቀን በፊት ያለውን ጉዞ ለማወቅ የኮሜቱን ቦታ በጣም በጥራት ማወቅ ያስፈልግ ስለነበር፣ በዘመኑ የነበሩ የቻይና ኮከብ ቆጣሪዎች ሌሊት ሌሊት የጻፉት ማስታወሻ ዛሬ ላለው ስሌት ማስተካከያ ሆኖ ገባ። እርግጠኛ የሆነው የመጀመሪያው መዝገብ በ240 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተጻፈው ነው፤ የባቢሎን የሸክላ ጽሑፎችም የ164ንና የ87ን መምጫዎች ይዘዋል።

ደመና_አልባ፦

ከስሌቱ ወደ ሰማዩ ልመልሳችሁ። ኮሜቱ ዲሴምበር 2023 ላይ የመጨረሻ ሩቅ ጫፉን፣ ከፀሐይ 35 እጥፍ የመሬት ርቀት ላይ፣ ደርሶ ዞሯል፤ አሁን ወደ እኛ እየመጣ ነው። ጁላይ 28 ቀን 2061 በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም. ነው። በ1978 ዓ.ም. የካቲት ላይ ለፀሐይ ሲቀርብ ኮሜቱ ከፀሐይ ማዶ፣ እኛም ከዚህ ማዶ ስለነበርን ብዙ ሰው ሳያየው ቀረ፤ በ2053 ዓ.ም. ግን ኮሜቱና መሬት ከፀሐይ በአንድ ወገን ስለሚሆኑ እጅግ ደምቆ ይታያል።

ችግሩ ሐምሌ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ፣ በጎጃምና በጎንደር ደጋ የሐምሌን ሰማይ የምታውቁት ናችሁ። በዚያ ላይ ለፀሐይ በሚቀርብባቸው ቀናት ከፀሐይ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ የሚታየው ጎሕ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ከአድማስ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከተራራ የተጋረደ መንደር አይረዳም። ያን ጊዜ የምትኖሩ ልጆቻችሁን ከአሁኑ አደራ በሏቸው፤ የሐምሌ ዝናብ ወደማይደርስባቸው ወደ ቦረናና ወደ ደቡብ ሶማሌ ቆላ ይውረዱ።

ኮሜቱን እስከዚያ መጠበቅ የማይሆንለት ሰው ቅንጣቱን ግን በየዓመቱ ማየት ይችላል። ኮሜቱ ለሺህ ዓመታት በምሕዋሩ ላይ የበተነውን አቧራ መሬት በዓመት ሁለት ጊዜ ታልፍበታለች፤ አንዱ በሚያዝያ መጨረሻ ሌሊት ከ9 ሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል፣ ሌላው በጥቅምት 11 አካባቢ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ከኦሪዮን ኮከቦች አቅጣጫ። የጥቅምቱ በቁጥር ያንሳል፤ ነገር ግን ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ስለሚጠራ እኔ እርሱን እመርጣለሁ። እነዚያ ተወርዋሪ ኮከቦች ወደ አየራችን የሚገቡት በሰከንድ 66 ኪሎ ሜትር ነው፤ እንዲህ የሚፈጥኑትም ከላይ በተባለው ምክንያት፣ ከመሬት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚመጡ ነው።

ማዕዘን፦

ሁሉም ገብቶኛል። የመጨረሻ ጥያቄዬን ፍቀዱልኝ፦ ከ2061 በኋላ ያለው መምጫ ማርች 27 ቀን 2134 ነው ሲባል አነበብኩ። ይህ ደግሞ 72 ዓመት ከ8 ወር ብቻ ነው፤ ከ1910ሩ ዙርም ያነሰ። ይህን ያህል ማጠሩ የሚታመን ነው?

ስሌት፦

የሚታመን ነው፤ ምክንያቱም ኮሜቱ ወደ ውስጥ ሲገባ በሴፕቴምበር 2060 ጁፒተርን ከመሬት እስከ ፀሐይ ካለው ርቀት በጥቂቱ ባነሰ ርቀት ላይ ያልፈዋል፤ ለሃሊ ኮሜት ይህ ከጁፒተር ጋር መቀራረብ ነው። የ1986ን ምሕዋር ወስዶ 75 ወይም 76 የሚደምር ሰው ይህን ጨርሶ አያየውም። ስሌቱን በራስዎ ኮምፒውተር መሞከር ከፈለጉ፣ በፓሳዴና ያለው የናሳ ቤተ ሙከራ «ሆራይዘንስ» በሚባለው ነጻ አገልግሎቱ የኮሜቱንና የፕላኔቶቹን ቦታና ፍጥነት ለፈለጉት ቀን ይሰጥዎታል፤ ከዚያ በመነሣት ቀን በቀን ወደ ፊት መሄድ ነው። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የጋዙን ግፊት ካልጨመሩ በአራት ቀን ይሳሳታሉ። ጁፒተርና ሳተርን ይበቁኛል ብለው ትናንሾቹን ፕላኔቶችም አይተዉ፤ ኦገስት 20 ቀን 2061 ኮሜቱ ቬነስን በ8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያልፋታል፤ በሜይ 2134 ደግሞ ከመሬት 14 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል።